አሚናት የተከለቻት የአዞ ሐረግ

እኔ አጥር አጣሪ ነበርኩ። ከሚሴ ውስጥ ዕድሜ ከጠገቡት ግቢዎች የብዙዎቹን አጥር፣ ሁሉንም ባይሆን አንድ ጎኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ። የክንድ ውፍረት ያለው ቅንጭብ ወይም ኮርች እቆርጣለሁ፣ ጫፉን አሾላለሁ፣ በመዶሻ መትቼ መሬት ውስጥ አስገባዋለሁ። ዝናብ ሲጥል እንጨቱ ያቆጠቁጥና አጥሩ ነፍስ ይዘራል። ወፍራም ከሆነ ይይዛል፣ ቀጭን ከሆነ ይደርቃል። የማውቀው ይህንኑ ነው። ትምህርቴም ልጅ ሆኜ የቀራሁት ትንሽ ቁርአን፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል፣ በቃ። ስለዚህ አዝግሜ ብነግራችሁ ታገሡኝ። ነገሩ የሁለት ቀን ነገር ነው፤ ግን አርባ ስምንት ዓመት አንድ ቤት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ገና ያወቅኋት በነዚያ ሁለት ቀኖች ነው።

ባለቤቴ አሚናት ትባላለች። እኔ የጨፋ ሜዳ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከላይ ከዳገቱ ናት፤ ብርድ ካለበት። ሦስት ልጆች አሳድገን ድረናል። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን የመርሳት በሽታ ያዛት። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ጥዳ ረሳች፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም ረሳች፣ ቀጥሎ እኔን ራሴን መርሳት ጀመረች። አንዳንድ ቀን ባሏ ነኝ። አንዳንድ ቀን ወንድሟ ነኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ለሥራ የመጣሁ የማታውቀኝ ሽማግሌ ነኝ፤ ያን ቀን «አንቱ» ትለኛለች፣ ፊቷንም በሻሿ ትሸፍናለች።

በግቢያችን የመንገድ ጥግ ላይ፣ አሚናት በወጣትነቷ የተከለቻት ሐረግ ነበረች። አማርኛው የአዞ ሐረግ ይላታል፣ እኛ በኦሮምኛው ሂዳ ፊቲ እንላታለን። ክረምቱ ሲወጣ አጥሩን ሁሉ ነጭ አበባ ታለብሰዋለች፤ አበባው ሲያልፍ ደግሞ ፍሬዋ እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ሆኖ ይንጨባረራል። አሚናት ከታመመች ጀምሮ ጧት ጧት ከሥሯ በርጩማዋን ይዛ ትቀመጣለች። እዚያ ስትቀመጥ ዝም ትላለች፣ በር በር አትልም፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» አትልም። እዚያ ካልተቀመጠች ግን ትሄዳለች። ከደጃችን አምሳ እርምጃ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አስፋልት አለ። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ የሚተራመስበት። እንግዲህ ያቺ ሐረግ ለኔ አበባ አልነበረችም። የሚስቴ ነፍስ የታሰረችባት ገመድ ነበረች።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ልጆች ሜትር ይዘው መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ «አባባ» እያሉ ነው የነገሩኝ። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሠራ ስለሆነ የመንገድ ወገን አጥራችን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ አሥራ አምስት ቀን አለዎት አሉኝ። ቦዩ እኛንም ከጎርፍ ያወጣናል፤ እውነት ነው። ሐረጓን እንዴት እንደማተርፋት ብቻ ነበር የማስበው።

አጥር አጣሪ አይደለሁ? በማግስቱ ገጀራዬን ስዬ ከግንዷ ወፋፍራሙን መርጬ ስምንት ቆረጥኩ። እንደ ቅንጭብ ጫፉን አሾልሁ፣ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳው ሥር ተርታ አድርጌ በመዶሻ መታሁት። ውሃም ጧትና ማታ በባልዲ አጠጣሁ። በልቤ «ከስምንቱ ስድስቱ ይይዛል» ብያለሁ። ያን ሁሉ ስቆርጥ ታዲያ ሐረጓ ተራቆተች። ከግንዷ አንዲት ክንድ የምታህል ጉቶ፣ ከጉቶዋ ላይ የበቀሉ ጥቂት ቀንበጦች፣ እነሱ ብቻ ቀሩ። አሚናት በማግስቱ በርጩማዋን ይዛ ወጣች፣ ቦታውን አየች፣ ቆማ ቆየች፣ ሳትቀመጥ ተመለሰች። እኔ ያን አይቼ እንኳ ያበላሸሁት አልመሰለኝም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ ቅጠሉ ረግፎ አለቀ። አንዱን ነቀነቅሁት፣ እንደ ላላ ጥርስ ወጣ። የታችኛው ጫፉ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ነቀልሁ፤ ስምንቱም በስብሷል።

ጎረቤቴ ሰይድ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሻግሮ ያየኛል። የድሮ ሾፌር ነው፤ ምላሱ ፍሬን የለውም።

«አበባ ነው የተከልከው ወይስ የኤሌክትሪክ ምሰሶ?» አለኝ።

«ዝም በል፣ ሰይድ።»

«አይ፣ ልወቅ ብዬ ነው። ምሰሶ ከሆነ ሽቦውን እኔ አመጣለሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እመልስለት ነበር። ያን ቀን መዶሻዬን ይዤ ቁጢጥ እንዳልኩ ቀረሁ። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ እሱም ቀልዱን ተወው። በሌላ ድምፅ፣ «አሚናትስ?» አለኝ።

ዞር አልኩ። የግቢው በር ተከፍቷል።

ከቤቱ ጀርባ ሆኜ በሩን ረስቼዋለሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጉልበቴ የታመመ ነው፣ ሰይድም ዱላ ይዞ የሚሄድ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች እየተደገፍን ወደ አስፋልቱ ሮጥን። ሮጥን ልበል እንጂ ሩጫው ልባችን ላይ ነበር። አሚናት መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። እህል የጫነ ከባድ መኪና ከደሴ አቅጣጫ ይመጣል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሷ ግን መሬት መሬቱን እያየች አንድ ነገር ትፈልጋለች። ሰይድ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ መኪናው ገሠገሠ። ጎማው ሲጮህ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ይህን ስነግራችሁ አፍራለሁ፣ ግን ጨፈንኩ።

ስገልጠው መኪናው ከእሷ ሁለት ክንድ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ወርዶ ሊሳደብ አፉን ከፈተና አየን፤ «ሱብሃነላህ» ብሎ ራሱን ይዞ ጎማው ሥር ተቀመጠ። እጇን ያዝኩት።

«ምን ትፈልጊያለሽ፣ አሚኔ?»

«ቦታው ጠፋብኝ» አለችኝ። «እዚህ ነበረ።»

ምን ቦታ እንደሆነ ብጠይቃትም ሌላ ቃል አልወጣትም። ይዘናት ገባን። ያን ከሰዓት በደሴ ያለችው ልጃችን ሰኢዳ ስትደውል የሆነውን ነገርኳት፤ አለቀሰች። እናቴን ላምጣት፣ እኔ ዘንድ ፎቅ ላይ በሩ ይቆለፋል አለችኝ። አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሱቅ ሄጄ ቁልፍ ገዛሁ፣ ለግቢው በር። ሚስቴን ልቆልፍባት ነው እንግዲህ። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ረቡዕ የመጨረሻው ቀን ነው። ሐሙስ ጧት አፍራሾቹ ይመጣሉ። አሚናት ጀንበሯ ሳትከር ተነሥታ በሩ ዘንድ ሄደች፣ ቁልፉን ነካካች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። እኔ ጉቶዋ ላይ የቀሩትን ቀንበጦች አየሁ። ቀጫጭን ናቸው፤ እርሳስ የሚያክሉ። ይህ አይይዝም ብዬ ነበር የተውኳቸው። ቢሆንም ገጀራዬን አንሥቼ ጎንበስ አልኩ። እነሱም ከከሸፉ ሌላ የለም።

«ዲሲ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። በኦሮምኛ ተው ማለት ነው።

አሚናት ናት። ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች፤ ዛሬ የማታውቀኝ ቀን መሆኑ ነው።

«አንቱ ሰውዬ፣ በገጀራ ነው እንዴ? በግ ሊያርዱ ነው?»

«እንዴት ነው ታዲያ፣ እታለም?» አልኳት፤ እንደ እንግዳ ሰው።

«ምላጭ የለዎትም?»

ነበረኝ፤ የጢም ምላጭ አመጣሁ። በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ስኳሩን ከጨው ለይታ የማታውቅ ሴት፣ ቀሚሷን ስታጠልቅ እጅጌው የሚጠፋባት ሴት፣ ምላጩን በሁለት ጣቷ ያዘችና ቀንበጧን ከታች ወደ ላይ በጣቷ ዳሰሰች። ጫፉን ተወችው። «ይሄ ገና ወተት ነው፣ ይበሰብሳል።» ከሥሩ ያለውን ጠንካራውንም ተወችው። «ይሄ ደግሞ አርጅቷል፣ እንደኔና እንደርስዎ።» መሐሉን ያዘች። ወደ አንዱ ጎን ስታጎብጠው ጎበጠ፤ አልተሰበረም። «ይሄ ነው።»

እኔ ስቆርጥ አንጓው ሥር ነበር የምቆርጠው፤ ቅንጭብም ሸንኮራም እንዲያ ነው። እሷ ግን ከአንጓው በላይ ትንሽ አለፍ ብላ ቆረጠች፣ ከታች ደግሞ በሁለት አንጓ መካከል፣ ባዶው ላይ። ሁለት ቅጠል ቀረ፤ አንዱን ገነጠለች፣ የቀረውን ግማሹን ቆረጠች። «ሁሉን ካበሉት ሥሩ ይራባል» አለችኝ። ከታች በአንድ ጎኑ ልጡን በቀጭኑ ፋቀች። ከቦርከና ዳር ለሊሾ አምጥቼ የተረፈኝ አሸዋ ነበረ። አስመጣችኝ። ካረጀ ፍግ ጋር እኩል አስቀላቀለችኝ፣ በቲማቲም ጣሳ ውስጥ አስሞላችኝ። ጣሳውን ሥሩን በምስማር ባልበሳው ኖሮ ልትመታኝ ነበር። አንጓው አፈሩን እስኪነካ ድረስ ቀንበጧን በእጇ ሰካች። መዶሻ የለ፣ ምን የለ። አንድ ጊዜ ውሃ አጠጣችና፣ «የፋኖስ ብርጭቆ ያምጡ» አለችኝ።

ፋኖስ ከቤታችን ከጠፋ ስንት ዘመኑ። የውሃ ፕላስቲክ ወገቡን ቆርጬ አመጣሁላት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?»

«ብርጭቆ ነው፣ የዘመኑ።»

«ዘመኑ ሁሉን ነገር አቅልሎታል» አለችና ቀንበጧ ላይ ደፋችው። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከአራት ዓመት ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያው ነበር።

አምስተኛው ጣሳ ላይ ስትደርስ እንዲሁ፣ ሳልጠይቃት፣ ማውራት ጀመረች።

«ባለቤቴ አጥር አጣሪ ነው» አለችኝ። «ያውቁታል?»

«አየዋለሁ» አልኩ።

«ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ወርቅ ነው። ግን ሁሉን ነገር በመዶሻ ነው የሚያቆመው።» ቀንበጧን በጣቷ ዳሰሰች። «ይህቺን ሐረግ ለጥላ የተከልኳት ይመስለዋል።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የነገረችኝን እናንተ እንድትረዱት የማውቀውን ጨምሬ ልንገራችሁ።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደች፤ ሴት ናት። በሰባተኛው ቀን ስም ሊወጣላት በግ ገዝቼ አስሬያለሁ። በስድስተኛው ቀን ሞተች። ሴቶቹ ግቢው ጥግ ላይ ጣውላ አጋድመው አጠቧት። የምትታጠብበት ውሃ እንዳይረገጥ እዚያው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ገንዘን፣ እኔና ሦስት ወንዶች፣ በክንዴ ላይ አድርጌ ወሰድኳት። በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሄድም። አሚናት ከደጃፉ ቀረች። ስመለስ ጉድጓዱን ደፈንኩት፣ ስታለቅስ አገኘኋትና፣ «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ፤ በቃ» አልኳት። በማግስቱም በጉን ነድቼ ጨፋ ሮቢት ገበያ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ልጅ ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። እኔ ይህን ጽናት ነው ብዬ ነበር።

አሚናት ግን ያን ሰሞን ልታገግም ወደ እናቷ አገር ወጥታ ስትመለስ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቀንበጥ ይዛ መጣች። የተከለችው እኔ በደፈንኩት ጉድጓድ ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ነጭ አበባ እያየሁ ስወጣ ስገባ፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔው ሆኜ፣ ለምን እዚያ እንደተከለችው አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

«ቀብሯን አላውቀውም» አለችኝ ያን ረቡዕ። «አላሳየኝም። የልጄ ውሃ የገባበትን ግን አውቀዋለሁ። ቦታ ያስፈልገኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ማክሰኞ ዕለት መሐል መንገድ ላይ ምን ስትፈልግ እንደነበር ገባኝ።

«ስም አልወጣላትም ነበር?» አልኳት።

«እኔ አውጥቼላታለሁ። ስድስቱንም ቀን በስሟ ነበር የምጠራት፣ በጆሮዋ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።» አየችኝ። «አንቱ ሽማግሌ ነዎት፣ የአላህ ሰው ይመስላሉ። ልንገርዎት፣ እኔ ነገር እየጠፋብኝ ነው። እሱም እንዳይጠፋብኝ ሰው ዘንድ ላስቀምጠው።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ።

«ለባሌ ግን እንዳይነግሩት። አማና ነው፣ አደራ» አለችኝ። «ያዝናል። በጉን የመለሰ ቀን አህያ ቤት ገብቶ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። እንዳልሰማሁ ሆንኩለት።»

እዚህ ላይ ዓይኔ ተሸነፈ። በእጄ ጠረግሁት፤ የዚያች ሐረግ ውሃ ደግሞ የሚያቃጥል ነው፣ እጄ በሙሉ እሱ ነው። ዓይኔ ተቃጠለ። አሚናት ተነሣች፤ «አይነኩት ብዬዎት አልነበር?» እያለች፣ አስቀድማ ግን አላለችኝም፣ ለሶላት ውዱ የማደርግበትን ጆግ አመጣች። አገጬን በእጇ ይዛ ራሴን ቀና አደረገችና ዓይኔን አጠበችልኝ። አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን። «አብሽሩ፣ ያልፋል» አለችኝ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን በቀበርኩበት ዘመን ለሚስቴ ያላልኳትን ቃል፣ እሷ ለማታውቀው ሰው አለችው።

እስከ ዙህር ሶላት አሥራ አንድ ጣሳ ሞላን። ከዚያ ደከማት፣ ተኛች። ስትነሣ ባሏ ነበርኩ፤ ጣሳዎቹን አይታ ማን እንደሠራቸው ጠየቀችኝ።

ያን ከሰዓት ዶማ አንሥቼ ጉቶዋ ያለችበትን አፈር ቆፈርኩ። ሰይድ መጥቶ አየኝ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀም፤ ዱላውን ጥሎ የጆንያውን አፍ ያዘልኝ። ሦስት ጆንያ አፈር አወጣሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ስምንቱን ምሰሶ በመታሁበት ቦታ፣ አዲስ ጉድጓድ ምሼ ያንን አፈር መለስኩበት። ሐሙስ አፍራሾቹ መጡ፤ አጥሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረደ፤ ጉቶዋም ሄደች። አሚናት ከጀርባ አፈሩ ዳር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ ቀና አላለችም።

ከአሥራ አንዱ ጣሳ ሰባቱ ደረቀ። አራቱ ከአርባ ቀን በኋላ ሥር ሰደደ፤ ፕላስቲኩን አንሥቼ አፈሩ ውስጥ አስገባኋቸው። ዛሬ ግድግዳው ላይ ወጥተዋል። አላበቡም ገና፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ኢንሻአላህ። ለሰኢዳ ደውዬ እናትሽ እዚሁ ትቆይ አልኳት። ቁልፉንም ከበሩ ላይ አንሥቻለሁ። በሩን እኔ እጠብቃለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።

ወደ ቀብሩም ሄጄ ነበር፣ ብቻዬን። አሚናትን ይዣት ልሄድና ላሳያት ብዬ መጀመሪያ ቦታውን ልለይ ነበር የሄድኩት። አላገኘሁትም። ያኔ ያስቀመጥኳትን ትንሽ ድንጋይ ጎርፍ ወስዷታል፣ በላዩ ሌላ ቀብር ተጨምሯል፣ እኔም ያን ቀን ቶሎ ለመመለስ ቸኩዬ ምልክት አልያዝኩም። ከሄድነው አራት ወንዶች በሕይወት ያለሁት እኔ ነኝ። ቀብሯን ያየሁት ሰው አጠፋሁት፤ ደጃፍ የቀረችው ሴት ቦታ ጠበቀችላት። ይህን የምታነቡ ወንድሞቼ፣ በተለይ እንደኔ «በቃ» ብላችሁ ያሳደራችሁት ነገር ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የበቀለውን ነገር ማን ለምን እንደተከለው ጠይቁ። የተከለው ሰው መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ ጠይቁ። እኔ መልስ ያገኘሁት ሌላ ሰው መስያት ነው።

ስሟን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ አማና ነው። ለባሏ እንዳልነግረው አደራ ስላለችኝ እኔም እንዳላወቅሁ ሆኛለሁ። ግን ሱብሂ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ፣ ከሦስቱ ልጆቼ ስም በፊት ያን ስም በከንፈሬ እላለሁ። በቀደም አሚናት ነቅታ ከኋላዬ ተቀምጣ ኖሯል።

«ለማን ነው ዱዓው?» አለችኝ።

«ለልጆቹ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «አሚን» አለች።